ልጃችሁ ስንት ወሩ ነው?



«የጎረቤት ልጅ ድክ ድክ ሲል የኔ ምነው ዘገየ?» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ጭንቀቱ የቆየ ነው። ወላጆቻችን የልጅን ዕድሜ የሚቆጥሩት በበዓልና በክፉ ቀን ነበር። «ለጥምቀት ማግስት»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተወለደ» ይሉ ነበር። ወሩ ካልታወቀ ግን ልጅ መዘግየቱ በምን ይታወቃል?

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ እናቶች ፊደል ቆጠሩ፤ ቀን መጻፍም ቻሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ቀበሌ መግባት ጀመሩ። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ጋናን፣ ሕንድንና ኖርዌይን ጨምሮ በ5 አገሮች ሕፃናትን ያጠናበትን ውጤት አወጣ። ጤናማ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሳይድሁ የሚሄዱም አሉ።

ስለዚህ ልጃችሁ በዓመቱ ባይሄድ አትደንግጡ። 18 ወር አልፎት ካልተራመደ፣ ወይም ይችል የነበረውን ካቆመ ግን፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ኬላ ውሰዱት። «በስንት ወሩ ተቀመጠ? በስንት ወሩ ቆመ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መልሱ ከደብተራችሁ ይገኝ። የተወለደበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፉ።