ከጣራ ሥር የተቋቋመው ቤተ ሙከራ፤ የዌልዝሊ ኮሌጅ የሥነ ልቡና ትምህርት አጀማመር

የሥነ ልቡና ትምህርት ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለ የሙከራ ሳይንስ ለመሆን የበቃው ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራቸውን ካቋቋሙ ወዲህ መሆኑ በየመማሪያ መጻሕፍቱ ተደጋግሞ ይነገራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ይኸው ትምህርት ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ ወደ ኮሌጆች እንዴት እንደ ገባ፣ የኮሌጅ ተማሪውስ ከአድማጭነት ወደ መርማሪነት እንዴት እንደ ተሸጋገረ እምብዛም አይወሳም። በዚህ ረገድ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የዌልዝሊ የሴቶች ኮሌጅ ታሪክ በጥሞና ሊጠና የሚገባው ነው።

ወይዘሪት ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በ1887 ወደ ዌልዝሊ የመጡት የግሪክ ቋንቋ ሊያስተምሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጁ በፍልስፍና ክፍል ውስጥ የሥነ ልቡና ትምህርት ለመጀመር ባሰበ ጊዜ፣ አንድ ዓመት ከተማሩ በኋላ እንዲያስተምሩት መረጣቸው። የግሪክ ቋንቋ መምህርት ለዚህ ሥራ መታጨት ለዛሬ አንባቢ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን በሙያው የሠለጠነ ሰው በአገሩ ገና በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ ኮሌጁ በእጁ ያለውን ሰው ማሠልጠን ነበረበት።

የሚማሩበት ቦታ ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። በአቅራቢያው የሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ጊዜ ሴቶችን አይቀበልም ነበር። ዊልያም ጄምስና ጆሳያ ሮይስ ቢደግፏቸውም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ሐሳቡን ተቃወሙ። አባታቸው አቤቱታ ካቀረቡና ብዙ ደብዳቤ ከተጻጻፉ በኋላ በ1890 በኦክቶበር ወር ትምህርቱን በእንግድነት እንዲከታተሉ፣ ነገር ግን በተማሪነት እንዳይመዘገቡ ተፈቀደ። የጄምስ ታላቅ መጽሐፍ «የሥነ ልቡና መርሆዎች» የታተመውም በዚያው ዓመት ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ጥለው ስለ ወጡ፣ መምህሩና እንግዳዪቱ በቤተ መጻሕፍቱ ምድጃ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አዲሱን መጽሐፍ ብቻቸውን ተወያዩበት።

የሙከራ ሥራን ያስተማሯቸው ደግሞ የክላርክ ዩኒቨርሲቲው ኤድመንድ ሳንፎርድ ነበሩ። ሁለቱ በየሌሊቱ የሰዓት ደወል እያነቃቸው ሕልማቸውን ወዲያው ይጽፉ ነበር፤ በዚህም አኳኋን ወይዘሪት ካልኪንስ 205፣ ሳንፎርድ 170 ሕልሞችን መዘገቡ። በ1893 የታተመው ጥናት ሕልም በአብዛኛው በቅርብ ቀናት የታዩ ሰዎችን፣ ቦታዎችንና ነገሮችን እንደሚደግም አመለከተ። መሣሪያው ሻማ፣ ወረቀትና ሰዓት ብቻ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

በ1891 በልግ ወይዘሪት ካልኪንስ ወደ ኮሌጃቸው ተመልሰው ከዋናው ሕንጻ ጣራ ሥር በምትገኝ ክፍል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ፤ በሴቶች ኮሌጅ ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው ነው። ለዕቃ መግዣ የተሰጣቸው ገንዘብ 200 ዶላር ያህል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከሃምሳ የሚበልጡ ተማሪዎች ተመዘገቡ። ተማሪዎቹ የበግ አንጎል ቈርጠው ክፍሎቹን ለዩ፤ የመዳሰስን፣ የመቅመስንና የማየትን ስሜት አንዳቸው በሌላቸው ላይ ፈተኑ፤ ሐሳብ ሐሳብን እንዴት እንደሚጠራ መረመሩ። ቤተ ሙከራ በተባለ ቍጥር አስቀድመን ስለ መሣሪያ እጥረት ለምንናገር መምህራን ይህ ሁኔታ ሊታሰብበት ይገባል፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ዋናዎቹ መሣሪያዎች ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩና።

ቤተ ሙከራው ምን ዐይነት ተማሪ እንዳፈራ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የኮርዴልያ ኔቨርስ ሥራ ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆዜፍ ጃስትሮ በ1891 ባወጡት ጥናት ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ወደ ልባቸው የመጣላቸውን መቶ ቃላት በፍጥነት እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ከዝርዝሮቹም ተነሥተው የሴቶች ሐሳብ በቅርብ ባለው ነገር፣ በተጠናቀቀና በጌጥ፣ በግለሰባዊና በተጨባጩ ላይ እንደሚያዘነብል፣ የወንዶች ግን ወደ ራቀው፣ ወደሚገነባውና ወደ ጠቅላላው እንደሚያመራ ደመደሙ። ኔቨርስ በወይዘሪት ካልኪንስ መሪነት ያንኑ ሙከራ በዌልዝሊ ተማሪዎች ላይ ደገመችው፤ ያገኘችው ውጤትም ከጃስትሮ ድምዳሜ ጋር አልተስማማም። በ1895 ጥናቱ በአንድ የሙያ መጽሔት ታትሞ ወጣ፤ ጃስትሮም መልስ ሰጡበት። ወይዘሪት ካልኪንስ ለዚህ በጻፉት ምላሽ የክርክሩን ሥር ነኩት፦ ወንዶችና ሴቶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በተለያየ አስተዳደግና ሥልጠና ውስጥ እስካለፉ ድረስ፣ ከቃላት ዝርዝር ውስጥ የአካባቢን ድርሻ ከተፈጥሮ ድርሻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም አሉ። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ በእርሳስና በወረቀት የአንድ ታዋቂ ምሁርን ድምዳሜ መፈተን መቻሏ ትምህርቱ በምን መንፈስ ይሰጥ እንደ ነበረ ያሳያል።

ወይዘሪት ካልኪንስም የራሳቸውን ምርምር አላቋረጡም። በሃርቫርድ በሁጎ ሙንስተርበርግ ቤተ ሙከራ ቀለማትን ከቍጥሮች ጋር እያጣመሩ ካሳዩ በኋላ፣ ቀለሙ ብቻውን ሲቀርብ የትኛው ቍጥር እንደሚታወስ መረመሩ። በዚህም ለማስታወስ ከቅርበትና ከጕልህነት ይልቅ መደጋገም የበለጠ ኀይል እንዳለው አገኙ። ጥንድ እያደረጉ የማጥናቱ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ በማስታወስ ጥናት ይሠራበታል።

በ1895 በሜይ ወር ጄምስ፣ ሮይስና ሙንስተርበርግ ባሉበት የዶክትሬት ፈተና ተቀምጠው አለፉ፤ ጄምስም ችሎታቸው በዩኒቨርሲቲው እስከዚያ ከታዩት እንደሚልቅ መሰከሩ። ዩኒቨርሲቲው ግን ሴት ናቸውና ዲግሪውን ከለከለ። በ1902 በራድክሊፍ የሴቶች ኮሌጅ ስም ዲግሪ እንዲቀበሉ ሲጠየቁ፣ የተማሩት በሃርቫርድ እንጂ በራድክሊፍ አለመሆኑን ገልጸው እንቢ አሉ። በግል ይጐዳቸው የነበረው ይህ ውሳኔ ከሃርቫርድ ውሳኔ ይልቅ ቀጥተኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዲግሪውን ቢቀበሉ ኖሮ የዩኒቨርሲቲውን አድልዎ በእጃቸው በፈረሙለት ነበርና።

ዲግሪ ባይኖራቸውም በ1905 የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር፣ በ1918 ደግሞ የአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በሁለቱም ማኅበራት ይህን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። ቤተ ሙከራውን በ1898 ለባልደረባቸው ለኤሊኖር ጋምብል አስረክበው ነበር፤ ዋናው ሕንጻም በ1914 በማርች ወር ተቃጠለ። በ1927 የሃርቫርድ ምሩቃን የሆኑ ምሁራን የተነፈገው ዲግሪ እንዲሰጣቸው ዩኒቨርሲቲውን ጠየቁ፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ወይዘሪት ካልኪንስ በ1929 ጡረታ ወጥተው በተከታዩ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ዐረፉ።