በአባያና በጫሞ ደሴቶች መካከል ስላለው ርቀት

ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ የአይሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ መስመር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጉዞውም አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሻሸመኔና በሶዶ ዞሮ በመኪና የሚመጣው ግን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በሐይቆቹ ደሴቶች መካከል ያለውን መንገድም እንዲሁ በሁለት ዓይነት መለካት ይቻላል።

ደሴቶቹ የአይሮፕላን ጣቢያ የላቸውም እንጂ ቢኖራቸው ከአባያ ወደ ጫሞ መብረር የደቂቃዎች ነገር በሆነ ነበር። ቀላል እንጨት አስሮ በሠራው ታንኳ የሚሄደው ሰው ግን፥ ሐይቆቹን የሚለየው የእግዜር ድልድይ የተባለው ጠባብ ምድር ዘንድ ሲደርስ፥ ታንኳውን ትቶ በእግሩ መሻገር፥ በወዲያኛውም ዳር ሌላ ታንኳ ማግኘት አለበት። (ቦቴጎ የተባለው ኢጣልያዊ በ1888 ዓ.ም. አባያን በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ጠርቶት ነበር፤ ስሙ ግን ከካርታ አልፎ በባለ ታንኳዎቹ አፍ አልገባም።)

ይህ ሁሉ ድካም ሳለ፥ በአባያ ደሴት የሚነገረውን ካቻማንና የጫሞ ደሴት ሰዎችን ጋንጁሌን የቋንቋ ሊቃውንት የአንድ ኦሞቲክ ቋንቋ ዘዬዎች ያደርጓቸዋል። በአባያው በጊዲቾ ደሴት የሚነገረው ባይሶ ግን፥ ኦሞቲክ ተናጋሪዎች ጎረቤቶቹ ሆነው ሳሉ፥ የኩሽ ቋንቋ ነው። እንግዲህ ቅርብ የሚኖሩት በቋንቋ ተራርቀዋል፤ ሐይቅና ምድር የለያያቸው ግን ተቀራርበዋል። ለእኛ እንደሚመስለን ውኃው አጥር ሳይሆን መንገድ ነበረ።

ጋንጁሌዎች ደሴታቸውን ለቀው በጫሞ ምዕራብ ዳር ሸላ ሜላ ሰፍረዋል። የቀድሞውን ጉዞ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳሉ፥ ታንኳቸውን የት ይተዉ እንደ ነበር፥ በስንት ቀንም ይደርሱ እንደ ነበር ሊጠየቁ ይገባል።