የቤተሰብ ድርሻ በሕፃናት የቋንቋና የንባብ ጅማሬ (አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች)

ሕፃናት መደበኛ ትምህርት ከመጀመራቸው አስቀድሞና በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ወላጆች፣ አያቶችና ታላላቅ ልጆች በጭውውት፣ በተረት፣ በጨዋታና ፊደል በማስቆጠር የሚያደርጉላቸው እገዛ በትምህርት ጥናት የቤት ውስጥ የንባብ ድጋፍ ይባላል። ይህ መጣጥፍ በኢትዮጵያ ፊደል አማርኛ የሚማሩ ሕፃናትን የሚመለከት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ

በዘርፉ ተደጋግመው ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ሞኒክ ሴኔሻልና ጆ-አን ለፌቭር በካናዳ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሲሆን፣ ወላጆች ለልጆቻቸው መጽሐፍ ማንበባቸው ከቃላት ሀብት፣ ፊደል ለይተው ማስተማራቸው ደግሞ ከንባብ ጅማሬ ጋር ይበልጥ እንደሚያያዝ አመልክቷል። ግኝቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪና መጽሐፍ ካላቸው ቤተሰቦች የተወሰደ ስለሆነ፣ የታተመ የልጆች መጽሐፍ በማይገኝበት ቤት ላይ እንዳለ ማዋል አይቻልም፤ ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ፍሬ ያፈራሉ የሚለው ፍሬ ነገር ግን ለኢትዮጵያም የሚሠራ ይመስላል።

ተረት፣ እንቆቅልሽና የቃል ጨዋታ

በአማርኛ ተናጋሪው ቤት የመጽሐፉን ቦታ ይዞ የኖረው ከሁሉ በፊት ተረት ነው። ተራቹ “ተረት ተረት” ብሎ ሲጀምር ልጆቹ የተለመደውን መልስ ይመልሳሉ፤ ታሪኩም መነሻ፣ ጭንቅና መፍትሔ ያለው በመሆኑ ሕፃኑ ነገርን ከነገር አያይዞ መከተልን ይለምዳል።

እንቆቅልሽ የበለጠ ተሳትፎ ይጠይቃል። ጠያቂው “እንቆቅልህ” ሲል ተጠያቂው “ምን አውቅልህ” ይላል፤ ጥያቄው አንድን ነገር ስሙን ሳይጠራ በመልኩ፣ በጠባዩ ወይም በሥራው ብቻ ስለሚገልጽ፣ ልጁ የሰማውን ምልክት ከሚያውቀው ዓለም ጋር እያመሳከረ መልሱን ይፈልጋል። መልሱ ከጠፋው “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ሲሰጥ፣ አሸናፊው በተሰጠው አገር ምን እንደበላና እንደጠጣ እያስዋበ ይተርካል፣ በተሸናፊውም ያሾፋል። በዚህ አንድ ጨዋታ ውስጥ ገለጻ፣ ዘይቤና ትረካ በአንድነት ይገኛሉ። ልጆች በቃላት ውስጥ ሌላ ድምፅ እየሰነቀሩ የሚነጋገሩበት የወፍ ቋንቋም የድምፅ ግንዛቤን፣ ማለትም አንድን ቃል ወደ ድምፆቹ ነጣጥሎ የመስማትን ችሎታ፣ የሚያዳብር ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ወላጅ ማንበብ መቻል አያስፈልገውም።

ፊደል ማስቆጠር

ፊደል በቤትም ሆነ በቄስ ትምህርት ቤት የሚቆጠረው በገበታ ላይ፣ በስንደዶ ወይም በስንጥር እየተጠቆመ፣ በዜማ ነው። ገበታው በተለመደው አቆጣጠር 33 ፊደላትን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ቤት ዘርዝሮ 231 ምልክቶች ይይዛል። በቤተ ክህነቱ ሥርዓት ልጁ ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል።

የዜማው ጥቅምም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይመነጫል። ተራውን በቃሉ የያዘ ልጅ “ሊ” ለብቻዋ ስትጠቆምለት አይለያትም፤ ጣቱን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሶ “ለ፣ ሉ፣ ሊ” እያለ ይደርስባታል፤ ያወቀው ቦታዋን እንጂ መልኳን አይደለም። ልምድ ያለው አስቆጣሪ ስለዚህ ከመሐል እያነሣ ይጠይቃል፤ ካዕብ ብዙውን ጊዜ ከቀኝ ወገብ፣ ሣልስ ከቀኝ እግር ቅጥያ እንደሚያወጣ፣ ኀምስ ደግሞ ከእግሩ ቀለበት እንደሚይዝ፣ እንደ “ረ” እና “ፈ” ያሉት ግን ከዚህ እንደሚያፈነግጡ ያሳያል።

የሀሁና የአቡጊዳ ቅደም ተከተል

ከሀሁ ቀጥሎ የሚቆጠረው አቡጊዳ ለዚሁ ችግር የተበጀ ይመስላል። “አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ” ሲባል ፊደሉም አናባቢውም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ የሀሁ ዜማ ልጁን አያግዘውም፤ እያንዳንዱን ምልክት በመልኩ ለመለየት ይገደዳል።

ከሁለቱ ተራዎች ጥንታዊው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን አከራክሯል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አቡጊዳ በሚከተለው በአበገደ ተራ ጸንተው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን በዚያው አሰናድተዋል፤ መጽሐፉ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በዚሁ ተራ አዘጋጅተዋል። ይህን ወገን የሚደግፈው፣ አበገደ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ፊደል ተራ ጋር መስማማቱ ነው። በሌላው በኩል በዛሬዋ ሶርያ በኡጋሪት የተገኘና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈ የሸክላ ጽላት በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚጀምር ተራ ይዟል፤ የጥንቱ የደቡብ ዓረብ ጽሕፈትም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተራዎች እጅግ ጥንታውያን መሆናቸውን መቀበል የሚያስኬድ ይመስላል። ለሕፃኑ የሚጠቅመው ግን የትኛው እንደቀደመ ሳይሆን ሁለቱንም መቁጠሩ ነው።

መጥበቅና መላላት

የአማርኛ ጽሕፈት የድምፅን መጥበቅና መላላት አያሳይም። “ገና” ሲላላ “እስካሁን” ወይም “ወደፊት” ማለት ሲሆን ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ “ይመታል” መቺውንም ተመቺውንም ሊያመለክት ይችላል። አንባቢው የሚመርጠው ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ፣ ቃሉንም ከዚህ በፊት በጆሮው ሰምቶ ስለሚያውቀው ነው። ከዚህ የተነሣ በቤት ውስጥ የተሰማ ንግግር የንባቡ ግማሽ አካል ነው ማለት ያስደፍራል፤ ፊደል የማይለዩ እናትና አባት ለልጃቸው ንባብ የሚያበረክቱት ነገር የለም የሚለው የተለመደ አስተያየትም ስሕተት ነው።

መጻሕፍትና መገናኛ ብዙኃን

ተስፋዬ ሣህሉ (አባባ ተስፋዬ) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት ተርከዋል። ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተሰኘው የአሻንጉሊት ዝግጅት ቀርቧል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፣ በሀዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አሠማርቷል።

ቤትና ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ የወላጆች ትምህርትን፣ ከ1ኛ ክፍል አስቀድሞ የሚሰጠውን ዜሮ ክፍልንና ታላላቅ ልጆች ታናናሾችን የሚያስጠኑበትን ከልጅ ለልጅ መርሐ ግብር አካትቷል።

በውጭ አገር

በእስራኤል እናቶች ልጆቻቸውን በቤት እንዲያስጠኑ የሚያሠለጥነውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ሂፒ የተሰኘ መርሐ ግብር ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦችም ቀርቧል። በሲያትል የሚገኘው ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉ የሥዕል መጻሕፍት ያሳትማል። በብዙ ከተሞች ደግሞ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት በሰንበት ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ቃሉን በቤቱ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ግን ፊደሉን ቢለይ እንኳ አጥብቆ ያንብብ ወይስ አላልቶ መወሰን ስለሚሳነው፣ በስደት የሚኖሩ ወላጆች ከገበታው አስቀድመው ከልጆቻቸው ጋር በአማርኛ ማውራት ይገባቸዋል።