ቆዳና ቀመሩ፦ ኬሚካሎች በቆዳ የሚዘልቁበትን መጠን የመተንበይ ታሪክ

ቆዳ ሰውነትን ከውጭው ዓለም የሚለይ አጥር ነው። ይሁንና ይህ አጥር ምን ያህል እንደሚያሳልፍ በቁጥር ለመግለጽ የሕክምና ሳይንስ ረጅም ዘመን ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1855 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ አንድ ንጥረ ነገር ከበዛበት ወደ አነሰበት ስፍራ የሚጓዝበትን ፍጥነት የሚወስን ሕግ አወጣ። ሕጉ ለቆዳ ታስቦ የወጣ ባይሆንም የኋለኞቹ ተመራማሪዎች መሠረት ሆኗል።

በ1944 ዊንሰርና በርች የተባሉ ተመራማሪዎች የቆዳን የላይኛውን ስስ ንብርብር በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት ውሃ በቆዳው የሚያልፍበት ፍጥነት እጅግ ጨመረ። ዋናው አጥር ከተራ ወረቀት የሚሳሳው የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። በ1967 ደግሞ ፌልድማንና ማይባክ ሃይድሮኮርቲዞንን በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ቀብተው በሽንት የወጣውን ለኩ። ከክንድ ጋር ሲነጻጸር በግንባር በኩል የገባው 6 እጥፍ፣ በቆለጥ ከረጢት በኩል የገባው 42 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

የዚህን ዕውቀት ክብደት ያሳየው በ1972 በፈረንሳይ የደረሰው አደጋ ነው። ሄክሳክሎሮፊን የተባለው ፀረ ተህዋስያን ኬሚካል በስሕተት 6.3 በመቶ ያህል የተቀላቀለበት የሕፃናት ፓውደር 204 ልጆችን መርዞ 36ቱን ገደለ። ፓውደሩ ይነሰነስ የነበረው በሽንት ጨርቅ ተሸፍኖ በሚውል፣ ብዙ ጊዜም በሚቆጣ ስስ ቆዳ ላይ ነበር። ኬሚካሉ በዚያ በኩል ወደ ደም ገብቶ አንጎልን ጎዳ።

በ1992 ፖትስና ጋይ ከ90 በላይ በሚሆኑ ኬሚካሎች ላይ የተሰበሰበውን መረጃ መርምረው አንድ አጭር ቀመር አቀረቡ። ቀመሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ኬሚካሉ ከውሃ ይልቅ በቅባት የመሟሟት ዝንባሌውንና የሞለኪውሉን ክብደት። ቅባት ወዳድና ትንሽ የሆነው ፈጥኖ ይገባል፤ ትልቁ ይዘገያል። በዚህም ማንንም ለአደጋ ሳያጋልጡ አስቀድሞ መገመት ተቻለ። ሆኖም ቀመሩ በኬሚካሎቹ መካከል ከታየው ልዩነት የሚያብራራው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው፤ የተቀመረውም በውሃ ለተሟሙ ኬሚካሎችና ላልተጎዳ ቆዳ ነው። የቆሰለው፣ የተቃጠለውና ያለ ጊዜው የተወለደው ሕፃን ቆዳ ከስሌቱ ውጭ ናቸው።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ሐኪምም ሩቅ አይደለም። በርካታ የኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮች በቅባት የሚሟሙና በመጠን አነስተኛ ሞለኪውሎች በመሆናቸው ቀመሩ በቆዳ ይዘልቃሉ ከሚላቸው ወገን ናቸው። ስለዚህ ሲረጭ ውሎ የታመመ ገበሬ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ አትሮፒን መስጠት ብቻውን አይበቃም። የራሰው ልብሱ ካልወለቀና ገላው በሳሙናና በብዙ ውሃ ካልታጠበ መርዙ መግባቱን አያቆምም። የሚያጥበውም ባለሙያ የራሱን ቆዳ ሊጠብቅ ይገባዋል።