እጅ ማሳጠር፦ «ኢኮኖሚያዊ ጥቃት» በአማርኛ

«ኢኮኖሚያዊ ጥቃት» የሚለው ስያሜ የቢሮ ሪፖርትና የሥልጠና ሰነድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ከዚያ ወጥቶ በደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ወረዳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ገበያ ለመድረስ ግን እግር አላወጣም። አንዱ የትዳር ጓደኛ ሌላውን ገንዘብ እንዳያገኝ፣ ባገኘው እንዳያዝዝ፣ የጋራውን ሀብት እንዳያውቅ አድርጎ በቁጥጥር ሥር ሲያውል ማለት ነው። ድርጊቱን የእስቴ ደጋ ያውቀዋል። ስንዴውን አርማ ያጨደች ሴት ምርቱ በስንት እንደተሸጠ ከጎረቤት ትሰማለች፤ የቅቤና የእንቁላል ሽያጯ ደግሞ ሳንቲም ሳይቀር ይቆጠርባታል። ለዚህ የሚሆን ቃል ከራሱ ከአማርኛ ይገኛል። ገንዘብ የቸገረው ሰው «እጅ አጠረኝ» ይላል፤ ስለዚህ ድርጊቱን «እጅ ማሳጠር» ብንለው ይገባል። ዝናብ ሲቀር፣ ዋጋ ሲወድቅ እጅ በራሱ ያጥራል። «ማሳጠር» ሲባል ግን «ማን አሳጠረው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

መጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ «ይህ ድህነት እንጂ ጥቃት አይደለም» የሚለው ነው። ድህነት ቢሆን ሁለቱንም እኩል በነካ ነበር። በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ የሣጥኑን ቁልፍ ይዞ ሌላዋ ለጨው መግዣ የምትለምን ከሆነ ችግሩ የመኸሩ አይደለም። «ቤት አንድ አዛዥ ይበቃዋል» የሚለውም ቢሆን ከሕጉ ጋር አይሄድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ መሬትንም ለይቶ ይጠቅሳል። በአማራ ክልል የባልና ሚስት የመሬት ይዞታ ደብተር የሁለቱም ስምና ፎቶ ያለበት ነው። ፎቶዋ ያለበት ደብተር እሷ በማትከፍተው ሣጥን ከተቀመጠ፣ መሬቱም ሳታውቅ ለእኩል አራሽ ከተሰጠ፣ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ፍቺ ሲሸት ከብቱን ወደ ዘመድ ቤት ማሸሽም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው፤ ክፍፍሉ ሲደርስ በረቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሁሉን ነገር ጥቃት ካልን የዱላው ክብደት ይቀላል። እውነት አለው፤ ገንዘብ መንፈግና አጥንት መስበር በቅጣት አይተካከሉም። ሆኖም ሁለቱ ይደጋገፋሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ዝምታው ሁሉ ከገንዘብ የመጣ ነው አይባልም፤ እፍረትም የልጆችም ነገር አለ። ግን ለትራንስፖርት የሚሆን ብር የሌላት ሴት ወረዳ ፍርድ ቤት በምን ትደርሳለች? ጥናቱ የባልን ጥቃት ሲዘረዝር እጅ ማሳጠርን ለብቻው አልቆጠረም፤ ስም የሌለው ነገር ዓምድም የለውም። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ሴቶች መብት ስምምነት፣ የማፑቶ ፕሮቶኮል፣ ግን ኢኮኖሚያዊ ጉዳትን ከአካላዊው፣ ከወሲባዊውና ከሥነ ልቡናዊው ጋር አንድ ላይ ጠቅሶታል።

የአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ግን በትዳር ውስጥ በአካል ወይም በጤና ላይ የሚደርስን ጉዳት ይመለከታል፤ ገንዘብ መንፈግን ብቻውን ይዞ በእሱ መክሰስ አይቻልም። የፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ያለሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ በግ ቀርቶ ደህና ዶሮ መግዛትም ያጠራጥራል። እንግዲህ ቃሉ ቶሎ ሥራ የሚያገኘው ከፍርድ ቤት ይልቅ በሽምግልናው ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ «መታሽ ወይ? ሰደበሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ደብተሩ የት ነው? በሬው ሲሸጥ ታውቂ ነበር?» የሚለውን ቢጨምር መልሱ ሌላ ዓይነት ይሆናል።