ድንበር ስትሻገሩ አሮጌውን ሲም አትጣሉት

ከናይሮቢ ወደ ካምፓላ በአውቶብስ ስሄድ ቡሲያ ድንበር ላይ የኬንያውን ሲም ከስልኬ አውጥቼ ወረወርኩት። ሮሚንግ ኪስ ያራቁታል ሲሉ ሰምቼ ነበርና ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ፋይሌ ላይ የተመዘገበው ቁጥር ግን ያው የጣልኩት ነው። ከወራት በኋላ አንድ ጓደኛዬ በዚያ ቁጥር ሲደውል የማያውቀው ሰው በስዋሂሊ አነሳበት። ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተሸጧል ማለት ነው። ለቃለ መጠይቅ ተፈልጌ እንደነበር የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠናሁ መሰላችሁ።

ሮሚንግ ማለት የአንድ አገር ቁጥራችሁን በሌላ አገር ኔትወርክ መጠቀም ነው። ሂሳብ የሚበላው በተለይ ኢንተርኔቱ ነው። ስለዚህ ባለሁለት ሲም ስልክ ያለው ሰው አሮጌውን በአንዱ በኩል ያስቀምጥ፣ ሴቲንግ ገብቶ ዳታ ሮሚንግን ይዝጋ፣ ኢንተርኔቱን በአዲሱ ሲም ብቻ ያድርግ። ኤስኤምኤስ መቀበል ብዙውን ጊዜ አያስከፍልም። ዋትስአፕና ቴሌግራም የሚልኩት የማረጋገጫ ኮድም በዚሁ ይመጣል።

ጥሪን በተመለከተ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመሩት፣ በኋላ ደቡብ ሱዳንም የገባችበት ስምምነት አለ። በእነዚህ አገሮች መካከል ከአባል አገር ሲደወልላችሁ ስላነሳችሁ አትከፍሉም። ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። የ251 ቁጥር ይዛችሁ ከወጣችሁ ጥሪ ከማንሳታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ።

ሞያሌን ለሚያውቅ ሌላም ጣጣ አለ። እዚህ ማዶ ቆማችሁ ስልኩ የዚያኛውን ማዶ ኔትወርክ ይይዛል፤ ሳታውቁት ሮሚንግ ገባችሁ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ምርጫውን ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ የራሳችሁን ራሳችሁ ምረጡ።

አዲሱን ሲም በራሳችሁ የስደተኛ መታወቂያ አስመዝግቡ። መናኸሪያ አካባቢ በሰው ስም የወጣ ሲም የሚያዞሩ ልጆች አሉ፤ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። የጠፋ ቀን ግን በስማችሁ ስላልሆነ ማንም አይተካላችሁም። ገንዘብ ከገባበት ደግሞ ባሰ።

የዋትስአፕ ቁጥራችሁን ለመቀየር አትቸኩሉ። ስልኩን እስካልቀየራችሁ ድረስ በአሮጌው ቁጥር ይሠራል። ይልቅ አሁኑኑ ባለስድስት አሃዝ ፒን አብጁለት፤ ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ቢያንስ ለጊዜው ይከላከልላችኋል። ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድም ዝጉት። እኔ ዘመድ ከሚልከው የበዓል ቪዲዮ ብቻ የሳምንት ጥቅሌ አልቆብኝ ያውቃል። ቪዲዮ ኮል ዳታ ይበላል፤ የድምፅ መልእክት በጣም ትንሽ ነው የሚወስደው።

ካልታወቀ የውጭ ቁጥር ሚስድ ኮል ካያችሁ መልሳችሁ አትደውሉ፤ ሂሳብ ለመብላት ሆን ብለው የሚያደርጉት አሉ።

አሮጌው ሲም ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይዘጋል። በየስንት ጊዜው ሂሳብ መሙላት ወይም መደወል እንዳለባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ። ፋይላችሁ ላይ ያለው ቁጥር ከተቀየረ ደግሞ ያን ቀኑን ለጉዳይ አስፈጻሚው ቢሮ አስታውቁ፣ የነገራችሁበትን ቀንም ጻፉት።