የሚይዝ ገጽ፣ የሚለቅ ገጽ

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በ1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ። ኃይሌ አያታቸው ናቸው፤ አባታቸው የግዕዙ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ቤቱን ከበው አባትየውን በጥይት መቱ፤ ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። ቤተሰቡ ሚኒሶታ ገባ። ሶስና ኤም.አይ.ቲ. ተምረው በ1992 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን ያዙ። ስለ እሳቸው የሚጻፈው አብዛኛው እዚህ የስደት ታሪክ ላይ ይቆምና ሥራቸውን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ከሥራቸው በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ አልኮል ጠጣር ገጽ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል?

መልሱ ጎልቶ የሚታየው ከእሳቸው ሥራ ውጭ፣ ንጹሕ ሲሊከን ላይ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሽሊየርና ፋርንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከላይ ያሉት አተሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚደረደሩ አመለከቱ፤ በ1979 ቻዲ የተባለ ተመራማሪ ጥንዱ ዘመም እንደሚል አሰላ። ወደ ታች ያዘነበለው አተም ኤሌክትሮን ይጎድለዋል። ሜታኖል የተባለው አልኮል ሲመጣ ኦክስጅኑ እዚያ ያርፋል፤ ከሃይድሮጅኑ ጋር ያለው ትስስር ይበጠስና ሃይድሮጅኑ ወደ ሌላኛው አተም ይሻገራል። ኢታኖልም፣ በመለኪያ የሚቀዳው አረቄ ውስጥ ያለው፣ እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦታው ተይዟል፤ ሌላ ሞለኪውል አይቀበልም።

ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ ሰው እንዲህ ያለ መጣበቅ እርግማን ነው። በነዳጅ ሴል ውስጥ ፕላቲነም ሜታኖልን ሲሰባብር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተርፋል፤ ሙቀቱ ዝቅተኛ ከሆነ ብረቱን ሙጥኝ ብሎ ይዘጋዋል። በሴሉ ውስጥ ፕሮቶን የሚያሳልፈው የተለመደው ፖሊመር ደግሞ ውሃ ካልያዘ ስለማይሠራ ከ100 ዲግሪ በላይ ማሞቅ አይቻልም።

በ2001 እ.ኤ.አ. በካልቴክ የሶስና ቡድን ሴዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የተባለ ደረቅ ጨው የፖሊመሩን ቦታ ሊይዝ እንደሚችል ኔቸር መጽሔት ላይ አሳየ። ብዙዎች ድሉን እዚህ ያደርጉታል፤ እኔ አላደርገውም። ነዳጁ ገና ሃይድሮጅን ነበር፤ የጨውም ሰልፈር ከሃይድሮጅኑ ጋር እየተዋሐደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆንና ሴሉን ይመርዘዋል። ዋናው እርምጃ በ2004 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ሰልፌቱ በፎስፌት ተተካ። ፎስፌቱ ሲግል ውሃውን እያጣ ይበላሻል የሚል ክርክር ነበረበት፤ ቡድኑ በጋዙ ላይ የውሃ እንፋሎት ጨምሮ በ250 ዲግሪ ገደማ አጸናው። ሴሉ በሃይድሮጅን ብቻ ሳይሆን በሜታኖልም ሠራ፤ በዚያ ሙቀት ካርቦን ሞኖክሳይዱ ፕላቲነሙን ይለቃልና። በ2006 ኢታኖል ተከተለ። አልኮሉን ፕላቲነሙ ጋ ሳይደርስ በእንፋሎት የሚሰባብር ሌላ ካታሊስት እዚያው ሴሉ ውስጥ ተጨመረ።

ጨው ግን ያው ጨው ነው፤ ውሃ ጠብ ካለበት ይሟሟል። ስለዚህ ሴሉ ሲጠፋ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ከመሆኑ በፊት ተጠርጎ መውጣት አለበት።